ለውሃ የተተወ ክፍተት

እንጨትን የሚያበሰብሰው ዝናብ ነው ብሎ ያስተማራችሁ ማነው? እንዲያ ቢሆን ኖሮ በምድር ላይ አንድም ጫካ ቆሞ ባላያችሁ ነበር። ዝናብ መጥቶ ይሄዳል። መሄጃውን የሚዘጋበት የሰው ልጅ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ቤቱን እወዳለሁ እያለ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ምርቃት እየተቀበለ!

ልብስ ሰፊዋ ይህን የተረዳችው ዘግይታ ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለውን የእንጨት በረንዳ የሠሩት አባቷ ናቸው። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ስለነበሩ ዳገትና ቁልቁለት ሰልችቷቸዋል፤ በረንዳውን ከበሩ ደፍ ጋር እኩል አድርገው ነው የዘረጉት። ከሳሎን ወጥቶ ወንበር ላይ እስኪቀመጡ እግር ማንሳት የለም። ያኔ ቤተሰቡ ስቆባቸው ነበር። ዛሬ ጉልበታቸው ከድቷቸው ከዘራ ሲይዙ፣ ከቤት ውጭ ያለው ዓለማቸው እሱ ብቻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ይወጣሉ፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ይገባሉ።

የበረንዳው እንክብካቤ ወደ ልጃቸው ከዞረ ቆይቷል። ክረምቱ ሲያባራ አትቸኩልም፤ ጣውላው ሲጠጣ የከረመውን ውሃ ፀሐይ እስኪያወጣለት ትጠብቃለች። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሻሽታ የተልባ ዘይት ትቀባዋለች። ነፋሱ በሚበረታበት ወር የጎረቤት ዛፍ ያረገፈውን ቅጠል ሁሉ እያጉረመረመች ትጠርጋለች። በበጋው ጣውላው ሲደርቅ አንገታቸውን ብቅ የሚያደርጉትን ሚስማሮች በመዶሻ ትመልሳለች። ደመና መሰብሰብ ሲጀምር ደግሞ በጉልበቷ ተንበርክካ በጣውላና በጣውላ መካከል የተሰገሰገውን አፈር በአሮጌ ቢላዋ ትፍቃለች። ከሁሉ የምትጠላው ይህን ነበር። ወገቧ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ሲጎብጥ መዋሉ ሳያንሰው!

ታዲያ ባለፈው በጋ ወንድሟ ለእረፍት መጣ። ቤተሰቡ «ጥድፌ» ይለዋል፤ ሲበላም፣ ሲያገባም፣ ሲያዝንም ይቸኩላል። እሱ በመጣ ማግስት የአባትየው ከዘራ ጫፉ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረና ሊወድቁ ሲሉ በበረንዳው አጥር ላይ ተደገፉ። ጥድፌ ነገሩን አላሳደረውም። ስቱኮ የሚባለውን ነጭ የቀዳዳ መሙያ ገዝቶ መጣ፤ ክፍተቱን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ደፈነው፤ ከላዩም ቫርኒሽ ለበጠበት። በረንዳው እንደ መስታወት አበራ። በእሑዱ ምሳ ላይ አጎትየው ቆመው መረቁት፣ አክስትየዋ ግንባሩን ሳሙት። ልብስ ሰፊዋም ከልቧ አጨበጨበች። ለምን አታጨበጭብ? ቢላዋዋ ሥራ ፈትታ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ውሃው በረንዳው ላይ መተኛት ጀመረ። እሷ በመጥረጊያ ወደ ዳር ትገፋዋለች፤ ማምሻውን ተመልሶ ተኝቶ ታገኘዋለች። ቫርኒሹ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይላጥ ጀመር። እሷም አልጠረጠረችም፤ ዘንድሮ ዝናቡ በዛ አለች።

ጥድፌ ዝናቡ ካባራ በኋላ ተመልሶ መጣ። ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ አባቱን ሊስም ሲንደረደር አንዱ ጣውላ ቋ! ብሎ እግሩን እስከ ባቱ ዋጠው።

«ይሄ ወጥመድ ነው እንጂ በረንዳ ነው?» ብሎ ጮኸ እግሩን እየነቀለ። «እትዬ፣ ስትሰፊ እየዋልሽ ቤቱን ለምስጥ ሰጠሽው!»

«ምስጥ የት አየህ?»

«እግሬን የዋጠው ማነው ታዲያ?»

«አንተ ደግሞ ቀስ ብለህ አትረግጥም?» አሉ አባትየው ከወንበራቸው። «ከልጅነትህ ጀምሮ መሬትን እንደ ተጣላሃት ነው።»

ጥድፌ አልሳቀም። በግቢው አጥር ላይ አንገታቸውን ያስገቡ ጎረቤቶች እየሰሙ፣ እህቱ ቤቱን ችላ እንዳለችው ተናገረ። በረንዳው ይፈርሳል፤ መሬቱ ላይ ሲሚንቶ ይፈስሳል፤ ከበሩ ወደ ታች ደረጃ ይሠራል። ሠራተኞቹን ለቅዳሜ ቀጠረ። አጎትና አክስትም መጥተው ይዩ ተባለ።

«ደረጃውን አባዬ እንዴት ይወርደዋል?» አለችው።

«እኔ እደግፈዋለሁ!»

«አንተ እንግዳ ነህ፤ ሻይህ ሳይበርድ ትሄዳለህ።»

«አሽሟጣጭ!» ብሎ ገባ።

ይኸው ነው የዘመኑ በሽታ! አንድ ነገር ሲታመም ምን ሆኖ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አፍራሹ ግን ሠራተኛ ለመቅጠር አንድ ምሽት አያድርም። ጠግኖ የኖረ ሰው ስሙ የለም፤ አፍርሶ ሲሚንቶ ያፈሰሰ «ሠራ» ይባላል።

በማግስቱ ጠዋት ጥድፌ ዘመድ ሊጠይቅ ሲወጣ ልብስ ሰፊዋ የተሰበረውን ጣውላ በመዶሻ ጥርስ ነቀለችው። ገለበጠችው። መሃሉ ደህና ነው፤ በጥፍሯ ብትጭረውም እንቢ አለ። ጠርዙ ግን ከስቱኮው ጋር የተሳሳመበት ቦታ ሁሉ ጠቁሮ እንደ ራሰ ዳቦ ይፈረፈራል። ውሃው ከላይ ገብቶ፣ በስቱኮው ታግዶ፣ በቫርኒሹ ታሽጎ እዚያው ከርሟል። አጎንብሳ ቀዳዳው ውስጥ አየች። ከሥር ያሉት ተሸካሚ እንጨቶች ደርቀው፣ ጠንክረው እንደ ድሮአቸው ናቸው። ሌሎቹን ጣውላዎች በቢላዋዋ ጫፍ አንድ በአንድ ወጋች። ከበሩ አጠገብ ያሉት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው መቀየር ያለባቸው።

ተንበርክካ ስቱኮውን መፋቅ ጀመረች። ክር ክር እያለ በረጅሙ ይወጣል፤ ከሥሩ እርጥብ ሽታ ይነሳል። አባትየው ሬዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ውሃው ሲተኛ አይቼዋለሁ» አሉ።

«አባዬ! አይተህ ዝም አልክ?»

«ልጁ ደስ ብሎት ነበር።»

ሥራዋን ቀጠለች። ማታ ላይ ክፍተቶቹ ሁሉ ተከፍተው ንፋስ ከሥር ሽው ይል ጀመር። ከዚያ አሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ አነሳችና በልብስ መቀሷ ክብ አድርጋ ቆርጣ፣ በወፍራም መርፌ ሰፍታ የከዘራውን ጫፍ ጫማ አለበሰችው። ሰፊ ነው፤ ክፍተት ውስጥ አይገባም። አባትየው በበረንዳው ላይ ሄደው ተመለሱ፤ ደግመውም ሄዱ።

«መኪናዬ ጎማ ቀየረች» አሉ።

ቅዳሜ ሁሉም ተሰበሰበ። አጎት ወንበር ያዙ፤ አክስት አጠገባቸው። ሠራተኞቹ ዶማቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ይጠብቃሉ። ጥድፌ ሰዓቱን ያያል። ልብስ ሰፊዋ የበሰበሰውን ጣውላ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛችው።

አጎት መነጽራቸውን አውጥተው አጎነበሱ። «ይሄ ጠርዙ ላይ የተጋገረው ነጭ ነገር ምንድነው?»

«ስቱኮ ነው፣ ጋሼ። ክፍተቱን ዘግቶ ነው ውሃውን ያሰረው። ባለፈው በጋ ሁላችንም ያጨበጨብንለት፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።»

ጥድፌ ፊቱ ተለዋወጠ። ጠጋ ብሎ ክንዷን ያዘ። «እትዬ፣ በናትሽ፣ ውስጥ ገብተን እንነጋገር።»

ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«አይሆንም። ምርቃቱን እዚህ በሰው ፊት ተቀብለሃል። ችላ አልሽው ብለህ የወረፍከኝም እዚሁ ጎረቤት እየሰማ ነው። ውሃውን ያሰረው ማነው? ይሄ በረንዳስ ከፈረሰ አባዬ ፀሐይ የሚሞቀው በየት ወርዶ ነው? ሠራተኞቹ ዶማቸውን ሳያነሱ፣ ጋሼም አክስቴም እየሰሙ፣ እዚሁ ቆመህ መልስ!»