ለጳጉሜን ስድስት የቆሙ ሽማግሌዎች

እናትዓለም ጣና ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች፤ ሰፈሩ የሚያውቃት ግን በዓሣዋ አይደለም። ባለፈው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን የስልኳ የቀን መቁጠሪያ አምስት ላይ አቆመና በማግሥቱ “መስከረም አንድ” አላት። ጎረቤት “ኧረ ገና ነው” ቢላት፣ “ስልኬ ከእናንተ ይልቅ ያውቃል” ብላ ዶሮዋን አሳረደች፤ በየደጁ እየዞረችም እንኳን አደረሳችሁ አለች። ከዚያ ወዲህ ስሟ “ቀን ቀዳሚዋ” ሆኖ ቀረ።

ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ተመልሶ መጣ። ሌላ መቁጠሪያ ጫኝ ቢሏት እንቢ አለች።

“የበደለኝ እሱ ነው፤ የሚታረመውም እሱ ነው።”

ልጇ ሔራን ሥራዋ ኮምፒውተር ነው። መቁጠሪያው ባለቤት የለውም፣ ማንም ከፍቶ አይቶ ሊያርመው ይችላል ብትላት እናትዓለም ደስ አላት።

“ታዲያ አርሚው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?”

“እንዲያ አይደለም እማዬ። መጀመሪያ ግልባጩን ወደ ላፕቶፔ አወርዳለሁ። ዋናውን እንዳልነካ የራሴን ቅርንጫፍ አወጣለሁ። እዚያ ላይ አርሜ፣ ሌላ ነገር አለማበላሸቴን ፈትሼ፣ ከዋናው ጋራ እንዲያዋህድልኝ ጠባቂውን እጠይቃለሁ። ይትባረክ ይባላል፤ ጅማ ነው ያለው።”

“ባለቤት የለውም አላልሽም?”

“ባለቤት የለውም፤ ጠባቂ አለው።”

“እንደ ደብሩ በይኛ። የማንም አይደለም፤ ዘበኛው ግን አያስገባም።”

ሔራን ስታወርድና ስትጭን ሰነበተች። አንዱን ስትጭን ሌላ ይጎድላል፤ የጎደለውን ስታወርድ መብራት ይሄዳል። እናትዓለም አጠገቧ ተቀምጣ “አለቀ?” ትላታለች።

“ገና መሥሪያውን ማዘጋጀቴ ነው።”

“ዓሣ ለመጥበስ መጀመሪያ ጣናን አይቆፍሩም ልጄ።”

በመጨረሻ ታረመ፤ ጥያቄውም ተላከ። መልስ የለም። ጳጉሜን ገባች። መልስ የለም።

“ማንን ላክሽበት?” አለች እናትዓለም።

“ማንንም። በቀጥታ ነው የሚላከው።”

“ሽማግሌ የሌለውን ጥያቄ ማን ይመልሳል?”

በሩፋኤል ዕለት ሔራን ከሥራ ስትመለስ ጎረቤታቸው አቶ አምባቸውና ከዘጌ በጀልባ የተሻገሩት መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሳሎኑ መካከል ቆመዋል።

“የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ አይቼ አላውቅም” አሉ አቶ አምባቸው። “ዘመኑ ነው እንግዲህ።”

“ጋብቻ አይደለም አልሁዎ እኮ፤ ጳጉሜን ናት” አለች እናትዓለም። ወደ ልጇ ዞረችና “ደውይ” አለቻት።

ሔራን አፍራ፣ ተለማምጣ፣ ሽማግሌዎች ሊያናግሩህ ነው ብላ ለይትባረክ ጻፈችለት። ሰውየው ደንግጦ በቪዲዮ ቀረበ። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ለይትባረክ የታየው ሁለት ጋቢና አንድ መቋሚያ ብቻ ነው።

“አባቶቼ፣ ቁጭ በሉ እንጂ። ፊታችሁም አይታየኝም።”

“የመጣንበት ሳይመለስ አንቀመጥም” አሉ መሪጌታ። “አንዲት ቀን ጠፍታብን ነው።”

ይትባረክ አንገቱን አከከ። “ጥያቄውን አይቼዋለሁ። መዘግየቴ ጥፋት ነው፤ እርማቱም ጥሩ ነው። ግን ፍተሻው የዘንድሮን ብቻ ነው የሚያየው። የፊቱን እናቅና ስንል የኋላውን ብናበላሽስ? ያለፉትን ዘመነ ሉቃሶችም ትፈትሽልኝ።”

“ስንት ወደ ኋላ?” አሉ አቶ አምባቸው።

“ሰባት ብትሄድ ይበቃኛል።”

አቶ አምባቸው ጎንበስ ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አሳዩት። “እንዲያ አትለንም ልጄ? ሰባት ቤት ቆጠራ ነዋ። ይኸማ ወጋችን ነው፤ ይገባል።”

“ነገ ጨርሼ እልካለሁ” አለች ሔራን።

“አሁን ነው እንጂ” አለች እናትዓለም። “አባቶች ቆመዋል።”

ሔራን መጻፍ ጀመረች። መሪጌታ ማኅሌት ቆመው የሚያድሩ ሰው ናቸው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። አቶ አምባቸው ግን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እግራቸው ይቆሙ ጀመር።

“የት ደረስሽ የኔ ልጅ?”

“አራተኛው ቤት።”

“ቅድመ አያቶችሽን ፈጠን በሉ በያቸው።”

ፍተሻው ሲጀመር አንዱ ዓመት ቀይ አበራ።

“ወደቀ” አለች ሔራን።

“የትኛው ዘመድ ነው?” አሉ መሪጌታ።

“ዘመነ ዮሐንስን ሉቃስ ብዬ ጽፌው ነው።”

“ጉድ አፈላሽ። በይ አውጪው።”

አወጣችው። ይህን ጊዜ በይትባረክ ጀርባ እናቱ ብቅ አሉ፤ የቆሙትን ጋቢዎች አይተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ሽማግሌ መጥቶ ሳትነግረኝ?”

“እማ፣ የቀን መቁጠሪያ ነው።”

“ቀኑም ተቆረጠ?”

ፍተሻው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። ይትባረክ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ አነበበው።

“ተቀብያለሁ” አለ። “ተዋህዷል።”

አቶ አምባቸው ወንበሩን ዞር ብለው ሳያዩ ዘጭ አሉበት።

በማግሥቱ ሔራን የታረመውን መቁጠሪያ በእናቷ ስልክ ላይ ጫነችላት። የጳጉሜን ስድስት ማለዳ እናትዓለም ስልኳን ይዛ በየደጁ ዞረች፤ “ይኸው፣ ዛሬ ስድስት ናት” እያለች አሳየች። ሁሉም ያውቃል። ቢያውቁም አሳየቻቸው።