ማኅደር የተሰፋላት ኮምፒውተር

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በቅሏቸውን ደባት ገበያ ሸጡና በማግሥቱ ልጃቸውን ኤልሳቤጥን አስከትለው ደባርቅ ሄዱ። ድጓ አስመስክረው ብዙ ደቀ መዝሙር ያወጡ ሰው ናቸው፤ ዳሩ ግን ከኮምፒውተር ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ እንደ ጀማሪ ተማሪ ቆም ብለው አማተቡ።

የመጡበት ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ኤልሳቤጥ ከጎንደር በርቀት ስትማር ቆይታ አሁን የቀራት የአንድ ክረምት ትምህርትና የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው። የምትጽፈውም ስለ ደባት ደጋ ገብስ ነበር፤ ገበሬው የትኛውን ዘር በምን ስም እንደሚጠራው፣ የትኛው ውርጭ እንደሚችል፣ በመኸሩ ምን ያህል እንደ ሰጠ። ጽሑፉን ካላቀረበች አትመረቅም፤ ካልተመረቀች ደግሞ በግብርና ጽሕፈት ቤት በጊዜያዊነት የያዘችው ሥራ ለሌላ ይሰጣል።

ባለ ሱቁ መሪጌታን ሲያይ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣ። እሳቸውም ትኩር ብለው አዩት።

«አንተ፣ ውዳሴ ማርያም ላይ ደርሰህ የጠፋኸው ልደቱ አይደለህም?»

«ነኝ የኔታ። ጠፍቼ እዚህ ተገኘሁ» አለና ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

ሦስት ዓይነት ዕቃ ደረደረላቸው። «ይህ ዴስክቶፕ ይባላል። ከጠረጴዛ አይነሣም። ዋጋው ይቀላል፣ ለሥራም ብርቱ ነው፤ አንዱ አካሉ ቢታመም ያንን ብቻ ነቅዬ ሌላ እተካለታለሁ። ነውሩ መብራት ሲጠፋ አብሮ መጥፋቱ ነው። ይህቺ ላፕቶፕ ናት። ትወደዳለች፤ ነገር ግን የራሷ ባትሪ ስላላት መብራት ቢሄድም ታሠራለች፣ በብብትም ትያዛለች። ይህቺ ታብሌት ደግሞ ከሁሉ ትረክሳለች፤ ለማንበብ ካልሆነ ረጅም ጽሑፍ አይጻፍባትም፤ ከእጅ ካመለጠችም አለቀላት።»

«ዕድሜያቸውስ?»

«ዴስክቶፑ እየተጠገነ ዐሥር ዓመት ይሄዳል። ላፕቶፗ አምስት ብትቆይ እግዜር ይመስገን ነው። ስለ ታብሌቷ አይጠይቁኝ።»

«አምስት ዓመት!» አሉ መሪጌታ። «የእኔ ዳዊት ከአያቴ አያት የወረደ ብራና ነው፤ ዛሬም ይነበባል።»

«ታዲያ የኔታ፣ እሱን በምን ዋጋ ላስመጣልዎት?»

ሳቁ። ልባቸው ግን ወደ ዴስክቶፑ አዘንብሎ ነበር። የብራና መጽሐፍ ጥራዙ ሲላላ ይሰፋል፣ የእንጨት ገበታው ሲሰበር ሌላ ይጠረብለታል እንጂ አይጣልም፤ አካሉ እየተተካ የሚኖር ዕቃ ለእሳቸው የሚታመን ዕቃ ነው። ይህንኑ ሲናገሩ ኤልሳቤጥ አቋረጠቻቸው።

«አባባ፣ እኛ መንደር መብራት እንግዳ መሆኑን ረሱት? ገበሬዎቹ ዘንድ ስዞርስ ያንን ማን ይሸከምልኛል? በቅሎዋን እንደ ሆነ ሸጠናታል!»

ልደቱ አፉን በመዳፉ ይዞ ሳቀ። መሪጌታም ጽሑፉ የእሷ፣ መከራውም የእሷ ነው ብለው ተሸነፉ፤ ላፕቶፗ ተገዛች። ከመውጣታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁ።

«ጠላቷ ምንድን ነው?»

«አቧራ ነው የኔታ። እርጥበትም ነው። አይጥም ሽቦዋን ይበላል።»

ፊታቸው በራ። «ይኸማ የብራና ጠላት ነው። ከሱ ጋር ስንዋጋ ነው የኖርነው።»

ሌላ ጠላት ይኖራት እንደ ሆነ አልጠየቁም፤ ልደቱም አልነገራቸውም።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ አረጋሽ ላፕቶፗን ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «በቅሎ ሸጠው የሚከደን መስታወት ገዙ? ለጥምቀት እንግዲህ ይቺን ጭነው ይውጡ» አሉ። መሪጌታ ግን የፍየል ቆዳ አልፍተው፣ ለመጻሕፍት እንደሚሰፋው አድርገው፣ ክዳንና ማንገቻ ያለው ማኅደር ሰፉላት። ኤልሳቤጥ መጀመሪያ ሳቀች፤ በኋላ ግን ወደዳት። በዚያው ማኅደር አንግባት ከገበሬ ደጅ ወደ ገበሬ ደጅ ስትዞር ሰዎች «የመሪጌታ ልጅ ደግሞ ምን መጽሐፍ ይዛ መጣች?» ይሉ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ኤልሳቤጥ የክረምቱን ትምህርት ተምራ የመጨረሻውን ፈተና ለመውሰድ ወደ ጎንደር ስትጠራ፣ መንገዱ የሚታመን አልነበረምና ላፕቶፗን ይዛ መሄድ ፈራች። የጽሑፉን ቅጂ በፍላሽ ያዘች፤ ዋናውን ለአባቷ ሰጠች።

«አደራ አባባ። ነገሬ ሁሉ እሷ ውስጥ ነው።»

አደራ የምትለዋ ቃል በመሪጌታ ጆሮ ቀላል ቃል አይደለችም። ላፕቶፗን በማኅደሯ አድርገው ከዳዊታቸው ጎን ከግድግዳው ችካል ላይ ሰቀሏት። ዝናሙ ግን የዚያን ዓመት በረታ። ግድግዳው ላበ፤ የዳዊታቸው ማኅደር ሻገተ። አባታቸው በእንዲህ ያለ ክረምት መጻሕፍቱን ከምድጃው በላይ ካለው ወጋግራ ላይ ይሰቅሉ እንደ ነበር ትዝ አላቸው፤ በዚያ ሙቀቱ እርጥበቱን ያደርቃል፣ ጭሱ ነቀዙን ያባርራል፣ አይጥም አይወጣበትም። ዳዊቱንና ላፕቶፗን ጎን ለጎን ሰቀሏቸው። ጧት ጧት ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ማኅደሯን ይዳስሷታል። ደረቅ ነበረች፤ ሞቃትም ነበረች። «ተመስገን፣ አደራዬን ጠበቅሁ» እያሉ ይቀመጣሉ።

ኤልሳቤጥ ዐደይ ሊፈነዳ ሲል ተመለሰች። የያዘችውን ፍላሽ ጎንደር ላይ ቫይረስ በልቶት ምንም አልተረፈላትም፤ መምህሯ ግን ዋናውን እስከ መስቀል አምጪ ብሏት ስለ ነበር አልተጨነቀችም። «ዋናው አባቴ ዘንድ ነው ስላቸው ሁሉም እፎይ አሉ» እያለች ገባች። መሪጌታ በኩራት ከወጋግራው አውርደው ሰጧት።

ክዳኗ እንቢ አለ። ሆዷ በሙቀቱ አብጦ ጎኗ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ ጥቀርሻ ወጣ። ኤልሳቤጥ ወጋግራውን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ ከዚያ መሬት አየች።

«ልጄ፣ በቃልሽ አልያዝሽውም?» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

«አባባ፣ ያንን በቃሉ የሚይዝ የለም። በቃል እንዳንይዘው ብለን ነው እሷ ላይ የምንጽፈው።»

መሪጌታ የዓመቱን ድጓ ከዮሐንስ እስከ ዮሐንስ ያለ መጽሐፍ ይዘልቁታል። ከልጃቸው ጽሑፍ ግን አንዲት መስመር እንኳ ሊያቀብሏት አልቻሉም።

በማግሥቱ ደባርቅ ሄዱ። ልደቱ ዕቃዋን ፈታና ሳያስበው «የኔታ፣ ቋንጣ አደረጓት እኮ!» አለ። ወዲያው የኤልሳቤጥን ፊት አይቶ አፈረ። ጥቂት ከነካካ በኋላ ራሱን ነቀነቀ።

«ዴስክቶፕ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ ያለበትን አካል ነቅዬ ሌላ ላይ እሰካው ነበር። የዚች ግን ከሌላው ጋር አንድ ላይ የተበየደ ነው፤ እሱም ሳይቃጠል አልቀረም። ጎንደር አንድ የሚሞክር ሰው አለ፤ በጎንደር መስመር ሾፌሩ በአሻግሬ መኪና ልላካት።»

መሪጌታ ስለ ዴስክቶፑ ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ታያቸው፤ ያ ግዙፍ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ከወጋግራ ላይ ሊሰቅሉት ባልቻሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ የመጠበቅ ነበር። ኤልሳቤጥ እንደ ገና ልትጀምር ሞከረች፤ የገብሶቹን ስም ገበሬዎቹ ደገሙላት፣ ያለፈው መኸር ምርት ግን ተበልቷል፣ ተዘርቷል፤ ተመልሶ አይመዘንም። መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ በእግራቸው ወደ አስፋልቱ ወጥተው አሻግሬን ይጠብቃሉ። ለዝናም ምህላ አለ፣ ለአንበጣ ምህላ አለ፣ ለታመመ የሚደገም አለ፤ ለዚህ ምን እንደሚደገም ከመምህራኖቻቸው አልሰሙም። ስለዚህ መቋሚያቸውን ተደግፈው የሚመጣውን መኪና ያያሉ። አሻግሬ ከመሪው ላይ ሳይወርድ በመስኮት እጁን ያወዛውዛል፤ ገና ነው ማለቱ ነው።

የመምህሯ ቀጠሮ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በደመራው ዕለት፣ መኪናው ቆመ። አሻግሬ ወርዶ ማኅደሯን በሁለት እጁ አቀበላቸው።

«አልሆነም የኔታ። ሰውየው ብዙ ደከመ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጆች ችቦ ይዘው ወደ ደመራው ይሮጡ ነበር። ኤልሳቤጥ ከደጅ ተቀምጣ ገብስ ትለቅማለች፤ የአባቷን ፊት አይታ ተነሣች። ላፕቶፗን ከማኅደሯ አወጣች፣ ጥቀርሻዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ ከተተቻት፣ ማንገቻዋን ቋጠረች። ከዚያም ገብታ ከግድግዳው ችካል ላይ፣ ከዳዊቱ ጎን ሰቀለቻት።

መሪጌታ ተዪው ልጄ ሊሏት ከንፈራቸውን ከፈቱ። ከውጭ የደመራው መዝሙር ሊጀመር ነበር፤ መሪው እሳቸው ነበሩና ሰዎች ከደጅ ሆነው «የኔታ! የኔታ!» እያሉ ይጣሩ ነበር።