ከማዳበሪያ ክር የተሠራ ልደት

አሳምነው ማዳበሪያ ከቤቱ አያስገባም። አምባው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ያውቃልና ይስቅበታል። በቆሎ ሲሸጥ ነጋዴው ማዳበሪያውን ይዞ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ይሞላል እንጂ፣ ባዶውም ሙሉውም በሩን አያልፍም። ለምን ሲሉት «አይጥ ያመጣል» ይላል። አይጥ እንደሆነች ከጎተራው ሥር ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ ትኖራለች፤ ግን ገበሬ በገዛ ጓሮው ንጉሥ ነው፣ ማን ይከራከረዋል?

ስለዚህ ልጁ ቤዚ ለአባቷ ልደት ያሰበችውን ሥራ ስትጀምር ማዳበሪያዎቹን የደበቀችው ጎረቤታቸው ገላኔ ጓዳ ውስጥ ነበር።

ልደቱ ራሱ በድንገት የተገኘ ነው። ኅዳር ላይ ቤዚ አባቷን ለፋይዳ መታወቂያ ልታስመዘግብ አሶሳ ወሰደችው። ተራ እስኪደርሳቸው የቀበሌ መታወቂያውን ተቀብላ ስታገላብጥ፣ የትውልድ ቀን የሚለው ላይ «ጥር 26 ቀን 1970» ይላል። አባቷ የተወለደበት ቀን ያለው ሰው መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አስባው አታውቅም። የአምባው ሰው ከወሎ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ተጭኖ የመጣ ነው፤ የአሳምነው እኩዮች ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ስንመጣ ይህን አክል ነበርኩ» ብለው እጃቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው ነው የሚያሳዩት። የእሷ አባት ግን ቀን ከነወሩ አለው! ደስ አላት። ለእሱ ምንም አልነገረችውም፤ ቀኑን በልቧ ያዘች።

ቤዚ አፀደ ሕፃናት ታስተምራለች። ኬክ መግዛት የማይችሉ ወላጆች የልጆቻቸው ልደት ሲደርስ እሷን ነው የሚያማክሩት። ከውኃ ፕላስቲክ ቂጥ አበባ ትቆርጣለች፤ ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ቀለበት በቀለበት አያይዛ ጣሪያ ለጣሪያ ትሰቅላለች፤ የከረሜላ ልባስ በእጇ ከገባ ቢራቢሮ ሳይሆን አይወጣም። የስንቱን ልጅ ልደት ስታሳምር ኖራ፣ የአባቷ ያለ አንድ ሻማ አርባ ስድስት ጊዜ ማለፉ አንገበገባት። አሳምነው አይስቅም ማለት ውሸት ነው። ይስቃል፤ ግን ሳቁን የሰው ዕቃ እንደ ነካ ሰው ወዲያው መልሶ ያስቀምጠዋል። ቤዚ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አባቷ የእኔ ነው ብሎ እስኪበቃው የሚስቅበት ደስታ ልትሰጠው።

ማዳበሪያውን ያገኘችው ከዱቄት ነጋዴው ከሙርሳል ነው። አማርኛ የተማረው ከበርታ ቋንቋው በኋላ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው፤ ለአራተኛ ጊዜ ባዶ ልትለምነው ስትመጣ ሳቀባት።

«ወላሂ አንቺ ሁልጊዜ ባዶ ብቻ ይወስዳል! ዱቄት አይበላም እናንተ ቤት?»

«ለስጦታ ነው፣ ሙርሳል።»

«ማዳበሪያ ስጦታ? እሺ፣ ውሰድ፣ ውሰድ።»

ማዳበሪያ መተርተር የትዕግሥት ሥራ ነው። የአፉ ስፌት ከተፈታ በኋላ ክሩ አንድ በአንድ ይመዘዛል፤ የቸኮለ ሰው ውሉ ይጠፋበታል። ቤዚ ከሥራ መልስ በገላኔ ጓዳ ተቀምጣ ትተረትራለች፤ የገላኔ ልጅ ቀነኒ፣ ሦስት ዓመቷን የያዘች ድብልብል፣ ክሩን እየጎተተች ታጠላልፍባታለች። የቤዚ እናት መነን ደግሞ ጨው ልበደር እያለች እየመጣች በወስፌ ታግዛታለች። ውስጡን ሣር አድርገው፣ በነጩ ክር እየጠመጠሙ፣ ቀዩን ጌጥ ከሽንኩርት ከረጢት እየመዘዙ፣ ክዳን ያለው ሙዳይ ሰፉ። ሁለት ወር ፈጀባቸው። እንደዚያ የሚያምር ሙዳይ ከሣርና ከአለላም አይወጣም።

አንድ ቀን መነን ወስፌዋን አቆመችና «አባትሽ እኮ በጥር መጨረሻ አንድ ቀን ከቤት አይውልም» አለች። «እህልም አይቀምስም። ስለት አለብኝ ይላል።»

«የትኛው ቀን ነው?»

«እኔ ምኑን ቆጥሬው። ብቻ ማንጎው ሲያብብ ነው።»

ቤዚ ሰማች፤ ግን ሐሳቧ ከሻማው ላይ ነበር። ሰው የሚሰማው የፈለገውን ነው።

ጥር ሃያ ስድስት አሳምነው ገና ሲነጋ ወጣ። ለእነሱ ሲሳይ ሆነ። ቤዚ ድፎውን አቡክታ በኮባ ጠቅልላ ስትደፋ፣ መነን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያለች ስታሾፍባት፣ ገላኔ ወንበር ስታግዝ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከደብተር ሽፋን በተቆረጡ ፊደላት «እንኳን ተወለድክልን አባዬ» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ወጣ። ከካርቶን የተሠራ ዘውድ በብስኩት ልባስ ተለብጦ አብረቀረቀ። የተረፈውን ነጭ ክር ቤዚ በሩ ላይ እንደ መጋረጃ ለቀቀችው፤ ነፋስ ሲመጣ ከላይ እስከ ታች ይርመሰመሳል። የጎረቤት ልጆች ፊታቸውን ታጥበው ተደረደሩ።

አሥር ሰዓት ላይ ደወለችለት። «አባዬ፣ እንግዳ መጥቶብሃል፤ ቶሎ ና።»

መጣ። እግሩ እስከ ቅልጥሙ አፈር ለብሷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። በሩ ላይ ሲደርስ ልጆቹ ዘፈኑን ለቀቁት። እሱ ግን አልገባም። ከፊቱ የተንጠለጠለውን ነጭ ክር ያያል፤ እጁን ወደ ክሩ ይልክና መልሶ ይሰበስባል። ቤዚ በደስታ ዓይኗ ታውሯል፤ ክሩን ገልጣ ወጣችና ሙዳዩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ በጣቱ እየዳበሰ።

«ማዳበሪያ ነው፣ አባዬ! እኔና እማዬ ተርትረን የሰፋነው። ማዳበሪያ ይመስላል እስቲ?»

ሙዳዩ ከእጁ ወደቀ። ክዳኑ ተንከባሎ ደጅ ድረስ ሄደ። ልጆቹ ዘፈኑን መሃል ላይ አቋረጡ።

«ቀኑን ማን ነገረሽ?»

«መታወቂያህ ላይ… የተወለድክበት…»

አሳምነው ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ሆድ ግን የስንት ድግስ ጠላ ሞክሮት አላወጣውም። ያወጣው የልጁ ድንጋጤ ነው። ፊቷን አየና፣ ዝም ብሎ ሊያልፈው እንደማይችል ገባው መሰለኝ፣ መናገር ጀመረ።

«እኔ የተወለድኩበትን ቀን አላውቅም፣ ቤዚዬ። እምዬም ሳታውቀው ሞተች። ይህ ከመኪና የወረድንበት ቀን ነው። ሦስት ነበርን። እምዬ፣ እኔና ብርሃነሽ።»

«ብርሃነሽ ማን ናት?»

«እህቴ። ሦስት ዓመቷ ነበር።»

ቤዚ እናቷን አየች። መነንም ራሷን ነቀነቀች፤ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ይህን ስም ሰምታው አታውቅም።

«መንገድ ላይ ሞተችብን። ልንደርስ ስንል፣ በጠዋት። እምዬ አልጮኸችም። ስንወርድ ለእኔ አሳቀፈችኝና ‹ከጠየቁህ ተኝታለች በል› አለችኝ። ስንዴው የሚሰጠው በነፍስ ወከፍ ነበራ። ተሰለፍን። ጸሐፊው ዕድሜዬን ጠየቃት፤ ሰባት አለች። የዕለቱን ቀን ጻፈና ከዓመቱ ሰባት ቀነሰ። መታወቂያዬ ላይ ያለው እሱ ነው። ከዚያ ‹ሕፃኗስ?› አለ። ‹ተኝታለች› አልኩት። ደግ ሰው ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አደረገና ‹አትቀስቅሳት› አለኝ።»

አሳምነው ከቅልጥሙ ላይ የደረቀውን አፈር ፈገፈገ።

«የሦስት ሰው ስንዴ ሰጡን። እምዬ ነጠላዋ ላይ ገለበጠችውና ብርሃነሽን በባዶው ማዳበሪያ ጠቀለለቻት። ነጭ ማዳበሪያ ነበር። ሌላ መግነዣ ከየት ይምጣ? ከመጠለያው ራቅ አድርገን ቀበርናት። ማልቀስ አንችልም፤ ተኝታለች ብለናላ! ከሳምንት በኋላ ዛሬ ሞተች ብለን ለቅሶ ተቀመጥን፤ በውሸት ቀን። ክረምት ሲገባ ደግሞ ትራክተር መጥቶ ሜዳውን ሁሉ ገለበጠው። በየዓመቱ በዚህ ቀን የምዞረው እሷን ፍለጋ ነው። አላገኘኋትም። ስንዴውን ግን በላሁት። የእሷን ድርሻ እኔ በላሁት።»

ቤዚ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ዘላ በሩ ላይ ያለውን ክር በሁለት እጇ መበጣጠስ ጀመረች፤ ግድግዳው ላይ ያለውንም ልትገነጥል ስትል አባቷ እጇን ያዛት።

«ተይው። የለፋሽበት ነው፣ አታፍርሺው።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ደስ እንዲልህ ብዬ…»

«አውቃለሁ። አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ የደበቅሁሽ። ይልቅ እነዚህ ልጆች ምን አደረጉ? ዳቦው ይቆረስላቸው።»

ራሱ ገብቶ ቆረሰ። ዘውዱን ማንም ሊያደርግለት አልደፈረም፤ ሻማውም ሳይለኮስ ቀረ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ይዞ ልጆቹን አንድ በአንድ አየና ቀነኒ ላይ ቆመ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

ቀነኒ ሦስት ጣቷን አወጣች። አራተኛዋም አልታጠፍም ብላ አብራ ወጣች።

ጭኑ ላይ አስቀመጣትና ቁራሹን ሰጣት። እሱ አልቀመሰም። እያንዳንዱን ጉርሻ ከአፏ እስኪገባ ይከታተላል፤ ፍርፋሪ ሲወድቅ ለቅሞ መዳፏ ላይ ይመልስላታል። ስትጨርስ ሌላ ጨመረላት። ቤዚ ሰው ሲያበላ እንደዚያ የሚያይ ዓይን መቼም አይታ አታውቅም። ልጅቷ ሆዷ ሲሞላ ከረሜላ ወረቀት እንደ ጨበጠች አንገቷ ተዘነበለ፤ ደረቱ ላይ ተለጥፋ ጸጥ አለች።

ገላኔ ልጇን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። «ኮቱ፣ ነይ የኔ ልጅ… ውይ፣ ተኝታለች» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

አሳምነው ፊቱ አመድ ሆነ። ልጅቷን በሁለት ትከሻዋ ይዞ ነቀነቃት።

«ተነሽ። ተነሽ እስቲ።»

«ጋሽ አሳምነው፣ ደክሟት ነው፤ አይቀስቅሷት።»

«ዓይኗን ትግለጥ። አንዴ ብቻ ትግለጥ!»

ቀነኒ ዓይኗን ገለጠች። ከጣፋጭ እንቅልፍ የቀሰቀሳትን ሰውዬ በንዴት ገላመጠችውና አፏን ከፍታ እሪ አለች፤ እንባዋ ዳቦ የነካውን ጉንጯን አጥቦ ወረደ።

«እሰይ» አለ አሳምነው። «እሰይ የኔ እመቤት! አልቅሺ፣ አልቅሺ።»

እሱም ልጅቷን እንደታቀፈ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ፤ መነንም ተከተለች፤ ቤዚም ጉልበቱ ላይ ተደፋች። ልጆቹ ዳቧቸውን ይዘው፣ ማን እንደ ሞተ ሳያውቁ ቆመው ያያሉ። ለብርሃነሽ በራሷ ቀን የተለቀሰላት በሞተች በአርባ ዓመቷ፣ በዚያ ከሰዓት፣ «እንኳን ተወለድክልን» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ነው።