ዋይፋዩ የጠፋ ዕለት

ፋይሎቹ ዓይኗ እያየ ይጠፉ ጀመር። ታናሽየዋ ለመታሰቢያ የሚሆን ፎቶ ፍለጋ መኝታ ቤት ገብታ የሟች እህቷን ላፕቶፕ ከፍታ ነበር። «ሕክምና» የሚለው ማኅደር ውስጥ በቁጥር የተሰየሙ ፎቶዎች ተደርድረዋል። አንዱንም ሳትከፍት ከታች ጀምረው ተራ በተራ ተሰወሩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ሳሎን ውስጥ የእህቷ ባል ለቀስተኞች መሃል አንገቱን ደፍቶ በአውራ ጣቱ ስልኩን ይጫናል። አጠገቡ ያሉት ሴቶች የሐዘን መልእክት የሚያነብ መስሏቸው ከንፈር ይመጥጡለታል።

ባልና ሚስቱ ፎቶ የሚያስቀምጡት በአንድ አካውንት ነው፤ እሱ እዚያ ሲሰርዝ እዚህ ይጠፋል። አላመነታችም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የዋይፋይ ምልክት ተጭና አጠፋችው። ጥቂት ፎቶዎች እንደተደረደሩ ቀሩ።

ድሮ «ጋሼ» ነበር የምትለው። እህቷ ከታመመች ወዲህ ግን ምንም ብላ አትጠራውም። ስትደውል «ተኝታለች» ይላታል። ሆስፒታል ድረስ ስትሄድ በሩን በትከሻው ዘግቶ ይመልሳታል። በመጨረሻ እህቷን ያገኘቻት የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ነው።

እህቷ ፀጉር ሠሪ ነበረች። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ታናሿን ያሳደገቻት እሷ ናት። ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ስትሠራት፣ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ አንቺ ጠማማ» እያለች በማበጠሪያው ጀርባ አናቷን መታ ታደርጋታለች። ራሷ ፀጉሯን ሳታስተካክልና ሊፕስቲክ ሳትቀባ ለማንም በር አትከፍትም። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ደጅ ቆሞ መጠበቁን ለምዶት፣ ከጠበቅሁ አይቀር ብሎ ጋዜጣ ይዞ ነበር የሚመጣው።

ባልየው ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ዋይፋዩን አጠፋሽው?»

«አዎ። ምኑን ነው የምትደብቀው?»

«መልሺው።»

በሕይወት እያለች ከለከልከኝ፣ አሁን ደግሞ ፎቶዋን ልትነፍገኝ ነው አለችው። እጁን ሲሰድ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘች። እንግዶቹ እንዳይሰሙ ትንፋሻቸውን ውጠው ተጓተቱ። ጥፍሯን የእጁ አንጓ ላይ ተከለችበት፤ ደም ብቅ አለ። እሱ ነው የለቀቀው።

«እሺ። ከቀሩት ውስጥ ቪዲዮ አለ። ድምፁን ብቻ ስሚ።»

ላፕቶፑን አልጋው ላይ አስቀምጦ ቪዲዮውን ከፈተና በሁለት መዳፉ ስክሪኑን ሸፈነው።

ድምፁ ቀጥኗል፤ የእህቷ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። «ሐኪሙ የፊቴን እብጠት ይይ፤ ሌላ ማንም እንዳያይ። ስሄድ ሁሉንም አጥፋ። ያቺ ጠማማ ከመጣች በር እንዳትከፍትላት። እንዲህ ሆኜ ከምታየኝ አንተን ብትጠላ ይሻለኛል።» ሳል አቋረጣት። «ደግሞ ቅንድቤን እንኳ ሳልስለው ነው እንዴ የምታነሳኝ?»

ከዚያ ሳቋ ተሰማ፤ ቪዲዮውም አለቀ።

በጣቶቹ መሃል ብርሃን ይታያል። ትንሽ ጎንበስ ብትል የእህቷን ፊት ታየው ነበር። አላለችም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምላኝ ነው።»

«እኔንስ ጠይቀኸኛል? ልሰናበታት እፈልግ እንደሆን?»

ሳሎን ውስጥ ወንበር ተንቀሳቀሰ፤ የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ።

«ይቅር የምልህ እንዳይመስልህ» አለችው።

«አይመስለኝም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሱ የቀሩትን ፎቶዎች አንድ ላይ መረጠ። ከዚያ «እኔ ነኝ የማጠፋቸው» አለችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ሳታይ፣ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችለት። ሌባ ጣቷን ይዞ ማጥፊያው ቁልፍ ላይ አሳረፈላት።