ዘኪያ አማቷን ያስቀየመችበት ዓመት

ዘኪያ አስም የያዛት በልጅነቷ ነው። ታላቅ እህቷ ዓሲያም ነበረባት። ዓሲያ በአሥራ አንድ ዓመቷ ከጋዝጊብላ ገጠር ወደ ሰቆጣ ሐኪም ቤት በቃሬዛ ሲያመጧት መንገድ ላይ አረፈች። ዘኪያ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከቃሬዛው ኋላ እየሮጠች የእህቷ ደረት ሲያፏጭ ትሰማ ነበር፤ ከዚያ ማፏጨቱ ቆመ። የተሻላት መስሏት ደስ አላት።

ካደገች በኋላ ሰቆጣ ውስጥ በርበሬና ቅመማ ቅመም የሚነግደውን አብዱልፈታሕን አገባች። ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች የባሏ አባት ሙሄም አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። ሙሄ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሹፌርነት የጨረሱ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሲጃራ ግን ከእጃቸው አይለይም።

ዘኪያ አርግዛ አምስተኛ ወሯን ስትይዝ አንዲት ጎረቤት «የአስም መድኃኒቱ ለፅንሱ አይሆንም» አለቻት። ለማንም ሳትናገር በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ባሏ ሱቁ በር ላይ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኛት። ባጃጅ አስቁሞ ጤና ጣቢያ አደረሳት።

መናገር ስትችል አዋላጇ ማስተዋል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መድኃኒትሽን ለምን ተውሽ?»

«ልጄን እንዳይጎዳብኝ ብዬ።»

«ልጅሽ የሚተነፍሰው በአንቺ ነው። አንቺን አየር ሲያጥርሽ እሱንም ያጥረዋል። ሐኪም ሳይነግርሽ እንዳታቋርጪ።»

ዘኪያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሲስተር፣ ይሄ በሽታ ወደ ልጄ ይተላለፋል?»

«ሊተላለፍ ይችላል። አይተላለፍም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ስጋቱን መቀነስ ይቻላል። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?»

ዘኪያ ባሏን አየችው። አብዱልፈታሕ መሬት መሬት አየ።

«ጭስ ይራቅሽ፤ የሲጃራውም የማገዶውም። ከወለድሽ በኋላም እንደዚሁ። እስከ ስድስት ወር ደግሞ ጡት ብቻ።»

ቤት ሲገቡ አብዱልፈታሕ «አባቴን ምን ብዬ ልናገራቸው? ቤቱን ያቀኑት እሳቸው ናቸው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ዘኪያ ራሷ አማቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ሲጃራውን ቤት ውስጥ አያጭሱብኝ።»

ሙሄ ክብሪቱን እንደያዙ ቀና አሉ። «ባልሽን ሳሳድግም አጨስ ነበር። ምን ሆነ?»

«እሱ ምንም አልሆነም። የኔ እህት ግን ሞታለች። ሆዴ ውስጥ ያለው የእኔም ደም ነው።»

ሙሄ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ፤ በዚያው ሴት ልጃቸው ቤት ገቡ። ሰፈሩ «ምራት አማቷን አባረረች» አለ። አብዱልፈታሕ ለሁለት ሳምንት ከሰላምታ በቀር አላናገራትም። ዘኪያ ብቻዋን እያለቀሰች መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስድ ነበር። አንድ ቀን ባሏ ማንም ሳይጠይቀው፣ ብናኛቸው ትንፋሿን እንዳያፍናት፣ የበርበሬውን ጆንያዎች ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሥር አንስቶ ወደ ሌላ መጋዘን ወሰደ። ያን ቀን አብረው ምሳ በሉ።

ሴት ልጅ ተወለደች። በሰባተኛው ቀን ሙሄ መጥተው ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«እጄን ታጥቤያለሁ። ልብሴንም ቀይሬያለሁ» አሉ። «ልያት?»

ዘኪያ ልጇን አሳቀፈቻቸው። ተመልሰው አብረው መኖር ጀመሩ፤ ሲጃራውን ጨርሰው ባይተዉም ከግቢ ወጥተው ከመንገዱ ማዶ ያጨሱ ነበር።

ልጅቱ ሁለት ዓመት ሲሞላት በክረምት ጉንፋን ያዛትና ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ዘኪያ ነጠላዋን መፈለግ ጀመረች። ሙሄ ግን ልጅቱን በጋቢያቸው ጠቅልለው ዝናቡ ውስጥ ወጡ፤ እናትየዋ የደረሰችባቸው ባጃጅ ሲሳፈሩ ነው።

ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሰጧት፤ ትንፋሿ ረጋ። ሐኪሙ አስም ይሁን አይሁን በዚህ ዕድሜ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ነገራቸው። ሙሄ ማስተዋልን ኮሪደር ላይ አገኟት።

«ታዲያ ያ ሁሉ ልፋት ምን ጠቀመ?»

«ባትለፉ ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር እኔም አላውቅም፣ አባባ» አለች ማስተዋል። «ዛሬ ግን በጊዜ ደርሰዋል።»

ሙሄ መድኃኒቱን ከዘኪያ እጅ ተቀበሉ።

«አሰጣጡን ለእኔም አሳዪኝ» አሉ። «እናቷ ሱቅ ስትሆን የምይዛት እኔ ነኝ።»