ደፍ ላይ የቆመችው ልጅ

ዓለምጸሃይ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። ይህን ያህል ዘመን ልጅ ሲያልፍና ሲወድቅ ያየ ሰው ወይ ይለሰልሳል ወይ ይደርቃል። እሷ ግን ካቻምና ልጇ ዊንታ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወደቀች ወዲህ ሁለቱንም አልሆነችም፤ ደነዘዘች። ትበላለች፣ ታስተምራለች፣ እግዜር ይመስገን ትላለች። ውስጧ ግን ክረምት እንደገባበት የጭቃ ግድግዳ ቀዝቅዞ ተቀምጧል።

ዊንታ ያመጣችው አርባ ሰባት ነው፤ ማለፊያው ሃምሳ። ሰነፍ ብትሆን እናትየው በተጽናናች፤ ሰነፍን ይቆጡታል፣ ይመክሩታል። ዊንታ ግን ቤቷ ቁጭ ብላ እያዛጋች የምትፈታው ጥያቄ ፈታኝ ከፊቷ ሲቆም ከእጇ ይጠፋል። ጣቷ ይደርቃል፣ ዓይኗ ሰዓት ላይ ይተከላል። ከፈተናው ተመልሳ አፍንጮ በር ያለችው ሁለት ክፍል ቤታቸው ገባች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፣ ከዚያ ወዲህ በወጉ አልተነሳችም። ጎረቤት "ልጅቷ ምን ሆና ነው?" ሲል እናት "ትንሽ አሟት ነው" ትላለች። ያ "ትንሽ" ሕመም ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

በዚህ መሃል ነው እናትየው ለአዲሱ የጋራ ምዘና የተጠራችው። ኮሌጆችና ትልልቅ ቀጣሪዎች ተስማምተው፣ ብሔራዊውን ፈተና ያለፈውንም የወደቀውንም በአንድ መስፈሪያ ለክተው "ይህ ልጅ ለትምህርትም ለሥራም ደርሷል" ሊሉበት ያሰቡት ምዘና ነው። ጥያቄዎቹ አልቀዋል። የቀረው ማለፊያውን መቁረጥ ነበር። ዓለምጸሃይ ከቆራጮቹ አንዷ መሆኗን ለዊንታ ጀርባ ነገረችው።

ዘጠኙ ቆራጮች የተሰበሰቡት ፒያሳ፣ ዙሪያው ፈርሶ ለብቻው የቀረ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ሰብሳቢው ዶክተር መሓሪ ቀጭን፣ ትሑት፣ ለደንብ ግን የማይበገር ሰው ነው።

"መጀመሪያ አንድ ነገር" አለ። "ልጁ ወይም የቅርብ ዘመዱ ይህን ፈተና የሚወስድበት ሰው ካለ ይንገረኝ። አሰናብተዋለሁ፣ የሰጠውንም ቁጥር እሰርዛለሁ። ቂም የለውም፣ ደንብ ነው። ነገሩን ኋላ የሰማም ኋላ ይንገረኝ።"

ዓለምጸሃይ እጇን አላነሳችም። ከአልጋ የማትነሳ ልጅ ምን ፈተና ትወስዳለች?

"አሁን አንድ ተማሪ በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡልኝ" ቀጠለ መሓሪ። "ጎበዝ አይደለም፣ ሰነፍም አይደለም። ደፍ ላይ የቆመ፣ ትንሽ ቢገፉት የሚገባ። እንደሱ ያሉ መቶ ልጆች ቢቀርቡ ይህን ጥያቄ ስንቱ ይመልሰዋል? በየጥያቄው ቁጥር ጻፉ። የሁላችሁም አማካይ ማለፊያው ይሆናል።"

መምህር ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ልጅ ፍለጋ ገባ። ዓለምጸሃይ መፈለግ አላስፈለጋትም። ዊንታን አምጥታ ጥያቄው ፊት አስቀመጠቻት። ይሄን ታውቀዋለች፤ ሁለተኛው ስሌት ላይ ስትደርስ ግን ቀና ብላ ፈታኙን ታያለች፣ ሃያ አምስት። ይሄኛው አጭር ነው፣ ሳትደነግጥ ትጨርሰዋለች፣ አርባ። እንዲህ እያለች እስከ መጨረሻው ወረደች። ምንም አልተሰማትም፤ የገዛ ልጇን መመዘን የቀመር ያህል እንኳ አልከበዳትም።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ወጣ። የዘጠኙ አማካይ አርባ ስድስት። የእሷ ለብቻው ሠላሳ፣ ከሁሉም በታች።

"ዓለምዬ፣ ይቺን ልጅ ከየት አመጣሻት?" አለ ገነነ፣ የአራዳ ልጅ፣ የቴክኒክ ኮሌጅ አስተማሪ። "በእግሯ ነው የመጣችው ወይስ በቃሬዛ?"

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ አልተቀየመችምም።

"ታውቃለች" አለች። "ግን ትፈራለች።"

"ወይዘሮ ዓለምጸሃይ" አለ መሓሪ በለዘበ ድምፅ፣ "የምንለካው እውቀት ነው። ፍርሃት መስፈሪያችን ውስጥ የለም።"

"አዳራሹ ውስጥ ግን አለ።"

ገነነ ሳቁን ዋጠ። "ይሄንስ እውነቷን ነው። እኔ ጋ መብራት ሲዘረጋ እጁ የሚያምር ልጅ አለ፤ ወረቀት ስትሰጪው ላብ ያጠምቀዋል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ የክፍልም እንደዚያው።" እንዲህ አለና የራሱን ቁጥር እንደነበረ ተወው። አራዳ መሆን ማለት አንዳንዴ ይኸው ነው፤ አንጀት የሚበላ ነገር መናገር ያውቅበታል፣ እርሳሱን ግን አያነሳም።

መሓሪ ቁጥሩን መቀየር የሚፈልግ ካለ እስከ ነገ ጠዋት እንዲያስብበት ነግሮ አሰናበታቸው። እሷ የምትቀይረው አልነበራትም። በአራት ኪሎ በኩል ወደ ቤቷ ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ ጭንቅላቷ ውስጥ ይመላለስ ነበር፤ አርባ ስድስት ከአርባ ሰባት ያንሳል። የአንዱ ፈተና ውጤት ከሌላው ጋር እንደማይተያይ ለሌላ ሰው ራሷ በሰበከች ነበር። ያም ሆኖ አርባ ስድስት ከአርባ ሰባት ያንሳል።

በማግስቱ ጠዋት ዊንታ ተነስታ ጠበቀቻት። ፀጉሯን ታጥባለች። ጠረጴዛው ላይ አቧራው የተጠረገ የሒሳብ መጽሐፍ ተዘርግቷል።

"እማዬ፣ ተመዘገብኩ።"

"ምኑን?"

"አዲሱን ፈተና። ማታ በስልኬ ሞላሁት።"

እልል ማለት የሚገባት ሰዓት ነበር። "ጥሩ አደረግሽ" ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ቁጥሩን የጻፈችው ሳታውቅ ነው፤ አላጭበረበረችም። ነገር ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈተና ላይ ከተማሪ እጅ የኩረጃ ቁራጭ ወረቀት ስትነጥቅ "ሳላውቅ ነው" ያላላት አልነበረም። የሒሳብ መምህር መርገሙ ደግሞ ቁጥሩ ሳይጠሩት መምጣቱ ነው፤ ታክሲው ፒያሳ ሳይደርስ ከዘጠኙ ላይ የራሷን ሠላሳ አውጥታ ለስምንት አካፍላ ጨርሳ ነበር።

መሓሪን ኮሪደር ላይ አገኘችው።

"ዶክተር፣ የምነግርዎት ነገር አለ።"

ፊቷን አይቶ ገባው መሰል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንዴ ከነገሩኝ አልሰማሁም ማለት አልችልም።"

"አውቃለሁ። ልጄ ትፈተናለች።"

"ያቺ... ትፈራለች ያሏት?"

"እሷው ናት።"

መሓሪ መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገው። "እውነቱን ለመናገር፣ ከሁላችን የሚፈተነውን ሰው በትክክል ያዩት እርስዎ ነበሩ። ግን ደንቡ..."

"ማለፊያው አርባ ስምንት ይሆናል" አለችው። ስልኩን አውጥቶ አሰላው። አርባ ስምንት ሆነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህን የተረተው ሰው እውነቱ የገዛ ልጁ ላይ ሲጠራ ያየ አይመስልም። ደረጃውን የወረደችው እንደ ወጣችው ነው፣ ሳትፈጥን፣ ሳትዘገይ።

ቀኑን የት እንዳዋለችው እሷም አታውቅም። ሲመሻሽ ቤት ስትገባ ዊንታ መጽሐፉ ላይ እንዳቀረቀረች ነች፤ ጉንጯ ላይ የእርሳስ ጥቁር አለ።

"ምን አስነሳሽ?" አለቻት እናት። መጠየቅ የነበረባት ጠዋት ነበር።

ዊንታ ቀና አላለችም። "አንቺ ስላለሽበት ነው። ጥያቄ ንገሪኝ አልልሽም፣ እንደማትነግሪኝ አውቃለሁ። ብቻ... ማለፊያውን ከሚቆርጡት ሰዎች መሃል እንደኔ ያለውን ሰው የሚያውቅ አንድ እንኳ ካለ፣ አልፈራም ብዬ ነው።" ከዚያ ቀና አለች። "አለሽበት አይደል?"

ዓለምጸሃይ ነጠላዋን ሳታወልቅ ከጎኗ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት እምቢ ያለው እንባ ዓይኗ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

"አለሁበት" አለች። "በይ የቱ ጋ ደረስሽ? አሳዪኝ።"