ጫፉ የተቆረጠው ሳጥን

ምድር ቤት የምትኖረው ጎረቤት፣ ደረጃ የሚወጣውን ሰው ሁሉ በኮቴው የምትለየው፣ በሯ ላይ ቆማ እንዲህ ስትል ተሰማች፦

«ልብስ ሰፊዋን ዓይን ክሊኒኩ ስምሽ የለም አላት አሉ። እሷ ቀጠሮ ይዣለሁ ብላ ድርቅ፣ እነሱ አልያዝሽም ብለው ድርቅ። ሦስት ወር ሙሉ ይደውሉልኛል እያለች ስልኳን ታቅፋ ስትጠብቅ ነበር እኮ። በስንት ልመና ሐኪሙ ቢያያት፣ የቀኝ ዓይንሽ አልቆለታል፣ ግፊቱ ነርቩን በልቶታል፣ ያኔ ብትመጪ እናድነው ነበር አላት። መቼስ በስልክ ቀጠሮ መያዝ ለእኛ ዕድሜ ነው?»

ይህን የምታወራው ለማን መሰላችሁ? ለልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ። አውቃ ነው። ወሬ ለባለቤቱ ሲነገር ነው የሚጣፍጣት።

የእህት ልጅዋ ደረጃው መሃል ቆመች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት ይቺው አክስቷ ናት።

ዘመድ ሁሉ ባለሳጥኗ ነው የሚላት። ሥራዋ ድረ ገጽ ላይ የሚለጠፍ ሳጥን መሥራት ነው፦ ስም መጻፊያ፣ ቀን መምረጫ፣ ከሥሩ ደግሞ «አረጋግጥ» የሚል ቁልፍ። አንዴ ትሠራዋለች፤ ፀጉር ቤቱም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ ዓይን ክሊኒኩም፣ መኪና አጣቢውም ሁለት መስመር ጽሑፍ ከሷ ወስዶ ገጹ ላይ ይለጥፈዋል። ሰው የክሊኒኩ ነው ብሎ የሚሞላው የሷን ሳጥን ነው። አጎቷ እስከ ዛሬ ካርቶን የምታጣብቅ ነው የሚመስለው። ቶሎ የገባት አክስቷ ብቻ ነበረች። «ኪስ ነው በይኛ» አለቻት ያኔ። «አንድ ኪስ ሰፍተሽ ስልሳ ኮት ላይ ትለጥፊያለሽ። ኪሱ ቀዳዳ ከሆነ ግን ወዮልሽ፣ ስልሳ ሰው ነው ዕቃው የሚጠፋበት።»

ሁለቱ ደግሞ ሥርዓት ነበራቸው። አዲስ ሳጥን ሲሠራ መጀመሪያ የሚነካው የአክስቷ አውራ ጣት ነው። ጣቷ በመርፌ የጠነከረ፣ ስልኳ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ፊደሉን ደግሞ ባለሳጥኗ ራሷ አተልቃላት የሱቅ ማስታወቂያ የሚያክል። «እኔ የሞላሁትን ዝንጀሮም ይሞላዋል፣ ልቀቂው» ስትል ነው ሳጥኑ ወደ ሰው የሚወጣው።

ከአራት ወር በፊት ግን ሳጥኑን ከለጠፉት አንዱ፣ የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ ደወለ። «ሳጥንሽ ገጼ ላይ ይዘላል» አለ። ሰው ቀን በመረጠ ቁጥር ወደ ታች እየረዘመ የሙሽሮቹን ፎቶ ይገፋበታል። ጎኑ ላይ ያለችውንም፣ ሳጥኑን ወደ ታች የሚገፉባትን መንሸራተቻ አልወደዳትም፣ ገጼን አበላሸችው አለ። ባለሳጥኗ የሳጥኑን ቁመት በአንድ ቁጥር ቆለፈችው፣ እንዳይንሸራተትም አድርጋ ዘጋችው። በራሷ ስልክ አየችው፤ አምሯል። አንድ ቁጥር ምን ያህል ነገር ነው ብላ ለአክስቷ አላሳየችም። ምሳ ሳይደርስ ሳጥኑ በተለጠፈበት ስልሳ አንዱም ገጽ ላይ ተቀየረ።

አሁን ደረጃው ላይ እንደቆመች ስልኳን አወጣች። ፊደሉን እንደ አክስቷ አተለቀችውና የዓይን ክሊኒኩን ገጽ ከፈተች። ስም ሞላች። ስልክ ሞላች። ቀን ስትነካ ቀኑ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሳጥኑ አረንጓዴው ላይ ጥርት ብሎ አለቀ፣ ልክ ሥራው ያበቃ ይመስል። «አረጋግጥ» የሚለው ከጫፉ በታች ቀርቷል። በጣቷ ገፋችው፣ አልነቃነቅ አለ። እንኳን አክስቷ፣ ራሷም ብትሆን ተያዘልኝ ብላ ትዘጋው ነበር።

ፊደል ያተለቀ ሰው አክስቷ ብቻ ነው እንዴ? ስልሳ አንድ ገጽ፣ አራት ወር። ስንቱ አረንጓዴ አይቶ ቤቱ ተቀምጦ ይሆን? ያን ቁልፍ ያልጫነ ሰው ደግሞ ስሙም አይመዘገብ፣ ፈልገሽ አምጪው ብትባል ከየት ታመጣዋለች?

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለች ጎረቤቷ፣ አንገቷን አስግጋ።

«ምንም አልሆንኩም» ብላ ወጣች።

አክስቷ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። አጎቷ ሶፋው ላይ ተንጋሏል። ካውያ የሚሏት ሴት ደግሞ ልብስ ትተኩሳለች። ካውያ የአክስቷ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ናት፤ ስሙ የወጣላት በሥራዋ ይሁን በምላሷ፣ ሰው እስከ ዛሬ አልተስማማም።

አክስቷ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። ክሩ በጎን አለፈ። ምላሷ ላይ አርጥባ ደገመችው፤ አሁንም በጎን። «ይቺ መርፌ ዛሬ አርፋ አልቀመጥ አለች» አለች። ካውያ መርፌውን ከእጇ ወሰደች፣ ክሩን አስገባች፣ መልሳ ሰጠቻትና ወደ ልብሷ ዞረች። ብዙ ጊዜ እንዳደረገችው ያስታውቃል።

«ስልክ ለማይችል ሰው ስልክ መስጠት ትርፉ ይኸው ነው» አለ አጎትየው እየሳቀ።

«እሱስ እውነቱን ነው» አለች አክስቷ። «እኔው ነኝ የሳትኩት። የልጄ ሳጥን መሆኑን ገና ሳየው አውቄዋለሁ። አረንጓዴውን ሳይ እንዴት ኮራሁ መሰላችሁ። ክሊኒኩ ውስጥም ነግሬያቸዋለሁ፣ ሳጥኑን አትውቀሱት፣ የሷ ሥራ አይሳሳትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብያቸዋለሁ።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ጥፋቱ ባለቤት አግኝቷል፤ ባለቤቱም ወዶ ተሸክሞታል።

«አክስቴ» አለች፣ በር ላይ እንደቆመች። «አንቺ አልሳትሽም። ቁልፉን ቆርጬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ፎቶ አንሺውን ደስ ላሰኝ ብዬ ሳጥኑን አሳጠርኩት፤ በትልቅ ፊደል ሲከፈት የመጨረሻው ቁልፍ አይታይም። አንቺ የሚታየውን ሁሉ በትክክል ሞልተሻል።»

የመኪናው ጎማ ላይ የነበረው የአክስቷ እጅ ቆመ።

«ሳታሳዪኝ?» አለች።

«አንድ ቁጥር ነው ብዬ።»

አክስቷ ጭኗ ላይ ያለውን ጨርቅ አንዴ አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ የሚታጠፍ እስኪያጣ ድረስ።

አጎትየው ጣልቃ ገባ። «በቃ፣ የሰው ልጅ ነሽ። ይስተካከላል አይደል?»

ልጅቷ ያቺን ቃል እንደ ገመድ ያዘቻት። ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ከፈተች። «ይስተካከላል። አሁኑኑ። አንዴ እዚህ ከነካሁት ስልሳ አንዱም ቦታ በአንድ ጊዜ ይስተካከላል። ማንም ምንም ማድረግ የለበትም።»

«እሰይ» አለች ጎረቤቷ፣ ለካ ተከትላ ወጥታ በሩ ጋ ቆማለች። «እንዲህ ቀላል ከሆነማ ምን ችግር አለው።»

«አልኳችሁ እኮ» አለ አጎትየው።

ካውያ ካውያዋን አቆመች። መጥታ በመዳፏ የጓደኛዋን ፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፣ ቀኝ ዓይኗ ለሁሉም እንዲታይ አድርጋ።

«ስልሳ አንድ ቦታ ነው ያልሽው?» አለች። «እንግዲያው ይቺንም ስልሳ ሁለተኛ አድርጊና አስተካክዪልን።»

የልጅቷ ጣት ፊደሎቹ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።